«ዳኛው ገባ»፦ የሥነ ዜጋ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮም እንደ ወትሮው የጥያቄና መልስ ውድድር አካሂዷል፤ የብሔር ብሔረሰቦችን ቀንም ኅዳር 29 አክብሯል። ያንን ሁላችሁም አይታችኋል። እኔ የምጽፈው ስለ ጥቅምቱ ሙከራ ነው።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ሰሌዳው ላይ ዳኛ፣ ነርስ፣ ሾፌር፣ ጸሐፊ፣ ኢንጂነር ብዬ ጻፍኩ። እያንዳንዱን «ገባ» ወይም «ገባች» ብላችሁ ጨርሱ፤ ማሰብ ክልክል ነው አልኳቸው። አማርኛችን መሸሸጊያ የለውም፤ ግሱ ያጋልጣል። ወረቀቱ ሲሰበሰብ ዳኛው ገባ፣ ነርሷ ገባች። ከሴቶቹም አንዲት እንኳ ዳኛዋን አላስገባችም። «ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤትን ማን ይመራ ነበር?» ስላቸው ግን «መዓዛ አሸናፊ!» ብለው ጮኹ። (እኔም «ይመራ» ብዬ ነበር የጠየቅኩት።)

ቀጥለን የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንቶኒ ግሪንዋልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ወዳሳተሙት፣ ሳናውቀው በአእምሯችን ያጣመርነውን ወደሚፈትሽ ፈተና (IAT) ሄድን። ይህ ፈተና አስተያየት አይጠይቅም፤ ቃላትን በሁለት ቁልፍ በፍጥነት ያስመድብና የቱ ላይ እንደዘገያችሁ በሚሊ ሰከንድ ይለካል፤ በአእምሯችን ያልተጣመረውን ስናጣምር እንዘገያለን ነው ነገሩ። የኮምፒዩተር ክፍሉ መብራት ስላልነበረው እኛ በካርቶን ካርድ ሠራነው። መጀመሪያ የሴት ስምና የቤት ውስጥ ሥራ በግራ፣ የወንድ ስምና የቢሮ ሥራ በቀኝ፤ ከዚያ ስሞቹን አገላበጥን። ሰዓት በስልክ ተያዘ። እኔ በመጀመሪያው ዙር 24 ሰከንድ ፈጀብኝ፣ በሁለተኛው 37። «በጀት» የሚለው ካርድ እጄ ላይ ቀረ፤ ወዴት እንደምጥለው ጠፋኝ። ሃያ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሴት ነኝ እኮ!

ፈተናው የማንንም ልብ መርምሮ አይፈርድም። ያው ሰው ዛሬና ነገ ቢፈተን ውጤቱ ሊለያይ ይችላል። የእኛ ካርድማ ጭራሽ ጨዋታ ነው፤ የዙሮቹ ቅደም ተከተል ብቻውን ሰከንዱን ያዛባዋል። ስለዚህ ውጤት መለጠፍ ከለከልኩ። ልጆቹ ግን እስከ ሰኔ «ቲቸር ሠላሳ ሰባት» ሲሉኝ ከረሙ።

የከነከነኝ ሌላ ነው። ጥር ላይ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ የክበባችን ሰብሳቢ ሁልጊዜ ወንድ፣ ጸሐፊዋ ሁልጊዜ ሴት የሚሆኑት ለምንድን ነው?» አለኝ።

«የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር ነዋ» አልኩ።

ጸሐፊያችን ምንም ሳትናገር የቃለ ጉባኤውን ደብተር ከፍታ ፊቴ አስቀመጠችው። አንድ መስመር እንኳ ማንበብ አቃተኝ።