የሪዞርቱን ዋጋ ነገራችሁን፣ ወፎቹስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ለገናና ለጥምቀት የት የት ብትሄዱ ጥሩ ነው ብላችሁ ያወጣችሁትን የጉዞ ገጽ አነበብኩት። ቢሾፍቱ አለ፣ ባቱ አለ፣ ሀዋሳ አለ፣ የአልጋ ዋጋ አለ፣ ጃኩዚ አለ፣ ስለ ወፍ ግን አንድ መስመር የለም። እኔ ምለው፣ ከህዳር እስከ የካቲት እኮ እነዚህ ሀይቆች በወፍ ሚሞሉበት ጊዜ ነው፣ አውሮፓና ራሺያ በረዶ ሲሆን ዳክዬው፣ ክሬን የሚሉት ባለ ረጅም አንገቱ ወፍ፣ ጭቃ ለጭቃ ሚሮጠው ባለ ረጅም እግር ሁሉ ወደኛ ነው ሚመጣው፣ ፈረንጅ ይሄን ለማየት ስንት ዶላር ከፍሎ ይመጣል፣ እኛ እዛው ሀይቁ ዳር ቁጭ ብለን ክትፎ በልተን ሰልፊ ተነስተን እንመለሳለን። ክትፎ ጠልቼ አይደለም።

ስራዬ ከከተማ ከተማ ያዞረኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ ምላከው ማላውቀው ቦታ ነው፣ ያለችኝ ነጻ ሰዓት ደግሞ ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት ያለችው ጠዋት ብቻ ናት። በዛች ሰዓት ወፍ ያለበትን ቦታ ማግኘት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ነገር የሆቴል ሪሴፕሽን "ወፍ የት አለ?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ግራ ይገባቸዋል ወይ ወደ ሌላ ሪዞርት ይልኳችኋል። "አሳ ሚወርደው የት ነው?" በሉ። ይሄን ማያውቅ ባጃጅ ነጂ የለም። ሀዋሳ ከሆነ አሞራ ገደል ይወስዳችኋል፣ አስጋሪዎቹ አሳውን ሲበልቱ አባ ኮዳዎቹ ሰው ሚያክል ቁመታቸውን ይዘው ተሰልፈው አንጀት እስኪወረወርላቸው ይጠብቃሉ፣ በባይኖኩላር ማየት እራሱ ያስቃል በጣም ቅርብ ናቸው። ባቱም ጀልባ ሚቆምበት ጋ ሂዱ፣ ፔሊካኑ ከታንኳው ጎን ነው ሚዋኘው፣ ሸምበቆው ስር ደግሞ ቀስ ብሎ ላየ ሰው ብዙ ነገር አለ።

አንድ ሰው ማይነግራችሁ ነገር ግን የብርሃኑ ጉዳይ ነው። ሀዋሳ ከተማው ከሀይቁ በምስራቅ በኩል ስለሆነ ጠዋት ጸሀይዋ ከጀርባችሁ ትሆናለች፣ ቀለሙ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባቱ ግን ተቃራኒው ነው፣ ከተማው በምዕራብ ዳር ስላለ ጠዋት ጸሀይዋ ፊት ለፊት ታሳውራችኋለች፣ ሩቅ ያለው ወፍ ሁሉ ጥቁር ጥላ ነው፣ ስለዚህ ጠዋት ቅርቡን እዩ፣ ራቅ ያለውን ለከሰዓት ተዉት። የማታውቁት ከተማ ስትሄዱ ካርታ ከፍታችሁ ይቺን ብቻ ብታዩ ግማሽ ስራ አለቀ።

ሌላው፣ ውብ ቦታና ወፍ ያለበት ቦታ አንድ አይደለም። ቢሾፍቱ ሄዶ ሆራና ባቦጋያ ላይ ወፍ ሚፈልግ ሰው ብዙ ነው፣ አይከፋም፣ ግን እነሱ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ናቸው፣ ዳሩ ገደል ነው ውሃው ጥልቅ፣ እግሩን ነክሮ ጭቃ ሚቆፍር ወፍ ምን ላይ ይቁም? ከተማው ጫፍ ላይ ያለችው ጨለለቃ ግን ሪዞርት የላትም፣ ጥልቀት የላትም፣ በጋው ሲገፋ ትሸሻለች፣ እና ለዛ ነው ወፍ ያላት። ክሬኖቹ ቀን ማሳ ላይ የወደቀ እህል ሲለቅሙ ውለው ጸሀይ ልትጠልቅ ስትል ለአዳር ወደዛ ይመጣሉ፣ ሳታዩአቸው በፊት ድምጻቸው ነው ሚደርሰው። ሻላና አቢጃታ ሀይቆችም ጎን ለጎን ሆነው እንደዛው ናቸው። ሻላ ከ260 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፣ አቢጃታ ግን ጥልቅ አይደለም፣ ድሮ ፔሊካኖቹ ሻላ ደሴት ላይ ይፈለፍሉና አሳ ሚበሉት ግን አቢጃታ ሄደው ነበር፣ አቢጃታ ውሃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ ፋብሪካ እየተወሰደ ሲቀንስ ጨውነቱ በዛና አሳው አለቀ። አሁን እዛ ምታዩት በዋናነት ጨዋማ ውሃ ሚስማማው ፍላሚንጎ ነው። እባካችሁ ፎቶ ላንሳ ብላችሁ ወደ ውሃው በመኪና አትጠጉ፣ ላዩ ደረቅ ይመስላል ስሩ ጭቃ ነው ይውጣችኋል።

ሀይቅ የሌለበት ከተማ ከሆነ ከብት ፈልጉ። የምሬን ነው፣ ረግረግ ላይ ሚግጥ መንጋ ካያችሁ ቁሙ፣ እግራቸው ስር ጭራዋን ከፍ ዝቅ ምታደርግ ቢጫ ወፍ አለች፣ ከአውሮፓና ከኤዥያ ነው ምትመጣው፣ ከብቱ ሲረግጥ ሚነሳውን ነፍሳት ትለቅማለች። አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ ገፈርሳ ግድብና አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ያለው ሜዳ በቂ ነው፣ ገፈርሳ እንደውም እኛ አገር ብቻ ያለውን ባለ ሰማያዊ ክንፉን ዝይ ልታዩ ትችላላችሁ።

ስልክ ላይ ኢበርድ የሚባለው አፕ ሰዎች የት ምን እንዳዩ በወር በወር ያሳያል፣ መርሊን ደግሞ ያነሳችሁትን ፎቶ አይቶ ስሙን ይነግራችኋል፣ ሁለቱም በነጻ ነው፣ መርሊንን ከነአካባቢው የወፍ ፓክ ከመሄዳችሁ በፊት ዳውንሎድ አድርጉት፣ ኔትወርክ ባይኖርም ይሰራል።

ባይኖኩላር ይዞ ብቻውን ሚዞር ሰው ግን ያስጠረጥራል፣ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። ግድብ አካባቢ መጀመሪያ ጥበቃውን ሰላም ብላችሁ አስረዱ፣ ቢሾፍቱ ደግሞ የአየር ኃይል ከተማ መሆኑን እያሰባችሁ ባይኖኩላራችሁን ወዴት እንደምታዞሩ ተጠንቀቁ። ሌላ ቦታ መድኃኒቱ ማሳየት ነው። "እስቲ እዩት አባባ" ብላችሁ ለአንድ እረኛ ወይ ለአንድ ሽማግሌ ካቀበላችሁ ከዛ በኋላ እሳቸው ናቸው ሚመሯችሁ፣ "እዛ ማዶ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሚመጣ ትልቅ አለ" ይሏችኋል፣ አፑ ላይ የሌለ ነገር።

ጥያቄዬ ቀላል ነው። በሚቀጥለው የጉዞ ገጻችሁ ከሆቴሉ ስር ሁለት መስመር ጨምሩ፣ ውሃው የት ነው፣ ጠዋት በየት በኩል ይታያል፣ በቃ። በየአመቱ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ የውሃ ወፎች ቆጠራ አለ፣ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማህበርን ብትደውሉላቸው ከኔ በላይ ይነግሯችኋል። በነገራችን ላይ ጥር ላይ ጅማ ነው ምላከው፣ ቦዬ ረግረግን በጠዋት ሚያውቅ አንባቢ ካለ በየት በኩል መግባት እንደሚሻል ይጻፍልኝ፣ እዚሁ ገጽ ላይ አየዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ