ጨርቅ ያልነካው ገመድ

ቨርጂኒያ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ወንድም ዓለሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? ጣልያን ወስዳት የነበረችውን አውሮፕላን «ፀሐይ»ን ለኢትዮጵያ የመለሰች ሰሞን፣ ጥር 2016 ላይ፣ የአውሮፕላኗን ፎቶ ልከህ «አንተስ መቼ ነው የምትበረው?» ብለኸኝ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሰበብ አልደረድርም፤ አፈርኩ፣ ባፈርኩ ቁጥር ደግሞ መጻፉ ባሰብኝ።

ለጥያቄህ መልሱ፦ በረርኩ። ወደቅሁም። ግንባሬ ላይ 6 ስፌትና የተሰበረ የግራ እጅ አንጓ ይዤ ተርፌያለሁ፤ አትደንግጥ፣ የምጽፍልህ በቀኜ ነው።

የምማረው በሴስና 172 ነው፤ ሁለት ፊት፣ ሁለት ኋላ የምታስቀምጥ ባለ አንድ ሞተር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1956 ጀምሮ ከ44,000 በላይ ተሠርታለች፤ የቮልስዋገንህ የሰማይ እኅት በላት። እንደ ቮልስዋገንህም የምትታዘዘው በገመድ ነው። መሪውን ወደ ደረትህ ስትስብ ከወለሉ በታች በፑሊዎች ላይ የሚያልፍ ገመድ ጅራቷ ላይ ያለውን ተንቀሳቃሽ ክንፍ፣ ኤሌቬተር የሚሉትን፣ ያነሣዋል፣ አፍንጫዋ ቀና ይላል። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ያን ቀን ለማረፍ እየወረድን ነበር፣ ከመሬት 90 ሜትር ገደማ። አፍንጫዋ ሲያዘቀዝቅብኝ መሪውን ሳብ አደረግሁ። ከወለሉ ስር አንድ ነገር ጧ አለ፤ መሪው ክብደቱን ሁሉ ጥሎ ደረቴ ድረስ መጣ። ጣርማ በር ዳገት ላይ የፍሪሲዮን ገመድ ሲበጠስ ፔዳሉ ሳይታገልህ ወለሉ ላይ የተኛውን ታስታውሳለህ? ልክ እንደዚያ። አንተ ግን ያኔ ዳር ይዘህ ቆመህ፣ ስቀህ ሲጋራ ለኮስክ።

አስተማሪዬ «ልቀቀው!» አለኝና ግራ እጁን ከጋዙ ወደ ትሪሙ፣ ከትሪሙ ወደ ጋዙ ያመላልስ ጀመር። ትሪም መሪውን ይዘህ እንዳትደክም የምታስተካክልበት ትንሽ ጎማ ነው፤ የራሱ ገመድ አለው። ኤሌቬተሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ቅጠል ያንቀሳቅሳታል፣ እርሷ ደግሞ በነፋስ ኃይል ትልቁን ትገፋዋለች። (ይህን ትወደዋለህ፦ ገመዱ ተበጥሶ ሳይሆን ኤሌቬተሩ ራሱ ተቀርቅሮ ቢሆን ኖሮ ትሪሙ የሚሠራው በተቃራኒው ነበር።) መመሪያው ፍጥነቱን 65 ኖት (በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር) ገደማ ላይ አስይዘህ በጋዝ ብቻ ውረድ፣ መሬት ስትደርስ ትሪሙን አፍንጫዋ ቀና እንዲል እስከ መጨረሻው አዙር ይላል። ችግሩ ጋዝ ስትቀንስ አፍንጫዋ ይደፋል። አስተማሪዬ አንዲት ሰከንድ ዘገየ። መጀመሪያ ሽቅብ ወጥቶ ሊለማመደው ይገባ ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ አጠገቡ ስለ ነበርሁ አልፈርድበትም።

የፊት ጎማዋ ቀድሞ ማኮብኮቢያውን መታ፣ ነጠርን፣ በሁለተኛው የፊት እግሯ ታጠፈ። ፕሮፔለሩ አስፋልቱን ሲበላ የሰማሁት ድምፅ አሁንም ገበታ ላይ ሳለሁ ይመጣብኛል። ከዚያ ጸጥታና የነዳጅ ሽታ። አስተማሪዬ «ውጣ፣ ውጣ» ይለኛል፣ እኔ መነጽሬን እፈልጋለሁ። ዓይኔ ላይ ነበር።

በኋላ መርማሪው የተበጠሰውን ጫፍ አሳየኝ። ገመዱ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ 7 ጥምር፣ በየጥምሩ 19 ክር፣ በጠቅላላው 133። አብዛኞቹ ጫፋቸው ተጠፍጥፎ ያብረቀርቃል፤ ፑሊው ላይ ሲፋተጉ ኖረው ቀድሞ የተበጠሱ ናቸው። ጥቂቶቹ ብቻ እንደተጎተተ ማስቲካ ቀጥነዋል፤ የዚያን ቀኖቹ ማለት ነው። ስንበር የከረምነው በእነዚያ ጥቂቶች ነበር።

ከመነሣታችን በፊት መሪውን እስከ መጨረሻው ስቤ ፈትሼዋለሁ፤ ምንም አላለኝም። ለማስተማሪያ የሚከራይ አውሮፕላን በየ100 የበረራ ሰዓቱ ይመረመራል፤ የዚህችም መዝገብ ተፈርሞበታል። ምርመራው ደግሞ ምን መሰለህ? ገመዱን ፑሊው ላይ ከሚያርፍበት ፈቀቅ አድርገህ ጨርቅ ታሳልፍበታለህ፤ የተበጠሰ ክር ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። አንተ ተለማማጆችህን «ዓይንህን አትመን፣ ጨርቅ አምጣ» እያልክ የምትቆጣበት ነገር! ወለሉን ከፍቶ ጨርቅ ያሳለፈ ሰው አልነበረም። አጥንቴ ሲድን እንኳ ይህ ንዴት አልበረደልኝም።

እናቴ አልሰማችም፤ ብታገኛት በረዶ አንሸራቶት ነው በላት።

ፖስታው ውስጥ አንድ ስንዝር ገመድ ታገኛለህ። የተበጠሰው መርማሪዎቹ ዘንድ ነው፤ ይህ አብሮት ከተፈታው ከመንታው የተቆረጠ ነው። ጨርቅ አሳልፍበትና የምታገኘውን ጻፍልኝ። በጣትህ እንዳትሞክረው።

ወንድምህ