ፓተንቱ ሲሰፋ መቃወሚያውም ይስፋ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

አውሮፓ በቴክኖሎጂ ፈጠራ ከአሜሪካና ከቻይና ወደ ኋላ የቀረችው ደንብ ስላበዛች ነው የሚል ጽሑፍ በቅርቡ በጋዜጣችሁ ላይ አነበብኩ። ጸሐፊው ከዘረዘሯቸው ችግሮች ብዙዎቹ እውነት ናቸው። የደረሱበት መደምደሚያ ግን አንድ ትልቅ ጉዳይ ስለዘለለ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። እኔ ኔዘርላንድስ ውስጥ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች በማቅረብ የምተዳደር ሰው ነኝ። ስለ አውሮፓ የፓተንት ሥርዓት፣ ማለትም አንድን ፈጠራ ለተወሰነ ጊዜ የባለቤቱ ብቻ ስለሚያደርገው የመብት አሰጣጥ፣ ለማወቅ የተገደድኩትም በየቀኑ የማቦካው የጤፍ ዱቄት ለዓመታት የአንድ ኩባንያ ፈጠራ ተብሎ በዚህ አገር መዝገብ ላይ ሰፍሮ ስለኖረ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

የቀድሞው የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ፕሬዚዳንት ማሪዮ ድራጊ በመስከረም 2024 ባወጡት ሪፖርት፣ ከ2008 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት አውሮፓ ውስጥ ተመሥርተው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ ካወጡት ወጣት ኩባንያዎች ውስጥ 30 ከመቶ የሚጠጉት ዋና መሥሪያ ቤታቸውን ወደ ውጭ ማዛወራቸውን ጽፈዋል፤ አብዛኞቹም የሄዱት ወደ አሜሪካ ነው። ይህ የሚያሳስብ ነገር ነው። ነገር ግን ያው ሪፖርት አጥብቆ የሚወቅሰው የገበያውን መበጣጠስ፣ ማለትም አንድ ዕቃ ወይም አገልግሎት ከአንዱ አባል አገር ወደ ሌላው ሲሻገር እንደገና ሌላ ሕግ፣ ሌላ ቅጽና ሌላ ፈቃድ የሚጠብቀው መሆኑን ጭምር ነው። ስለዚህ ሃያ ሰባት የተለያዩ ደንቦችን ወደ አንድ ማምጣት በራሱ ደንብ ማውጣት ነው፤ ያለ ደንብም አይሆንም።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምስክር በየኪሳችን ያለው ስልክ ነው። በ1980ዎቹ የምዕራብ አውሮፓ አገሮች እርስ በርስ የማይነጋገሩ የተንቀሳቃሽ ስልክ ሥርዓቶች ነበሯቸው፤ የአንዱ አገር ስልክ በሌላው አገር አይሠራም ነበር። በ1987 የአውሮፓ ማኅበረሰብ በወጣ መመሪያ በ900 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው ሞገድ ለአንድ የጋራ ሥርዓት እንዲለቀቅ አዘዘ፤ በዚያው ዓመት መስከረም የ13 አገሮች የስልክ ድርጅቶች ኮፐንሃገን ላይ ተሰብስበው ሥርዓቱን ለመዘርጋት ስምምነት ፈረሙ። በ1991 ጂኤስኤም በተባለው በዚህ የጋራ ሥርዓት የመጀመሪያው ጥሪ ፊንላንድ ውስጥ ተደረገ። በ1999 አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው የሞባይል አገልግሎትም በዚሁ በጂኤስኤም የሚሠራ ነበር። እዚህ ላይ ደንቡ ገበያውን ፈጠረ፤ የፓተንት ባለቤቶችም ፈቃዳቸውን ፍትሐዊና ከአድልዎ በጸዳ ዋጋ እንዲሰጡ የአውሮፓ የቴሌኮሙኒኬሽን ደረጃዎች ተቋም ይጠይቅ ነበር። ፍትሐዊ የሚባለው ዋጋ ስንት ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላበቃም። የአውሮፓ ኮሚሽን ይህን ግልጽ ለማድረግ በ2023 ያቀረበውን ረቂቅ ደንብ በ2025 ለመተው መወሰኑ በእኔ እምነት ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም በድርድር የሚጎዱት ጠበቃ የመቅጠር አቅም የሌላቸው አነስተኛ አምራቾች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በጥቅምት 1973 ሙኒክ ላይ በተፈረመው ስምምነት የተቋቋመው የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ የአውሮፓ ኅብረት አካል አይደለም፤ ዛሬ 39 አባል አገሮች አሉት። ቢሮው ማመልከቻውን አንድ ጊዜ መርምሮ ይሰጣል፤ የሚሰጠው ፓተንት ግን ከተሰጠ በኋላ ወደየአገሩ ይበተናል። ባለቤቱ በየአገሩ ያስመዘግባል፣ ያስተረጉማል፣ በየዓመቱ ይከፍላል፤ ክርክር ሲነሣም በየአገሩ ፍርድ ቤት ይካሰሳል። ይህን አንድ ለማድረግ በ1975 ሉክሰምበርግ ላይ የተፈረመው ስምምነት ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። በየትኛው ቋንቋ ይሁን የሚለው ክርክር ብቻውን ብዙ ዓመታት ፈጀ፤ ስፔንና ጣልያን ጉዳዩን እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት አደረሱት፤ በ2013ም ተሸነፉ። በመጨረሻ ሰኔ 1 ቀን 2023 አሃዳዊው ፓተንት፣ ማለትም በተሳታፊ አገሮች ሁሉ እንደ አንድ የሚጸናው፣ እና ክርክሩን የሚዳኘው የጋራው የፓተንት ፍርድ ቤት ሥራ ጀመሩ። በ17 አገሮች ተጀምሮ በ2024 ሮማንያ ስትገባ 18 ሆነዋል። አንድ ፈጣሪ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ከ5,000 ዩሮ ባነሰ የማደሻ ክፍያ በእነዚህ አገሮች ሁሉ መብቱን ማስከበር ይችላል። ይህ ለትንሽ ፈጣሪ ትልቅ እፎይታ ስለሆነ ከልቤ እደግፈዋለሁ።

ስጋቴ ግን መስጠቱ የቀለለውንና የሰፋውን ያህል፣ ያለ አግባብ የተሰጠውን መንቀሉ አለመቅለሉ ነው። ይህንንም የጤፉ ጉዳይ በግልጽ ያሳያል።

ኼልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል የተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በ2003 በኔዘርላንድስ፣ በቀጣዩ ዓመትም በአውሮፓ ፓተንት ቢሮ በጤፍ ዱቄት ላይ የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። ማመልከቻው ገና በምርመራ ላይ ሳለ፣ በ2005፣ ያው ኩባንያ ከኢትዮጵያ የብዝኀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና ከግብርና ምርምር ድርጅቱ ጋር የጥቅም ተጋሪነት ውል ተፈራረመ። ጥር 10 ቀን 2007 ፓተንቱ ተሰጠ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ የፓተንቱ መብት ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻገረ፤ ውሉ ግን አብሮ አልተሻገረም። ኢትዮጵያ ከዚያ ሁሉ ስምምነት ያገኘችው ገንዘብ ወደ 4,000 ዩሮ ገደማ ብቻ ነበር።

ፈጠራ የተባለው ምን እንደሆነ ቀረብ ብለን እንየው። የዱቄት ባለሙያዎች «የመውደቂያ ቁጥር» የሚሉት መለኪያ አለ፤ ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ በመስታወት ቱቦ ውስጥ በፈላ ውኃ ይሞቅና፣ ትንሽ የብረት ዘንግ በውስጡ ወርዶ እስኪደርስ ድረስ የሚፈጀው ጊዜ በሰከንድ ይቆጠራል። ዘንጉ ፈጥኖ ከወረደ በእህሉ ውስጥ ስታርቹን የሚሰባብረው ኢንዛይም ገና ብርቱ ነው ማለት ነው፤ እህሉ ከታጨደ በኋላ ሲከርም ኢንዛይሙ ይደክማል፣ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ፓተንቱ በዋናነት የጠየቀው መብት እህሉ በሚፈጭበት ጊዜ ይህ ቁጥር ቢያንስ 250 በሆነ የጤፍ ዱቄት ላይ ነው። እዚያ ለመድረስም ጤፉ ከታጨደ በኋላ ለሳምንታት ማቆየት ነው።

ይህን እናቴ ታውቀው ነበር። ከአውድማ የገባ አዲስ ጤፍ ቶሎ ወደ ወፍጮ አይሄድም፤ ጎተራ ውስጥ ይከርማል። አዲሱ ከተፈጨ ሊጡ ይላላል፣ እንጀራው ምጣዱ ላይ ይለጥፋል፣ ዓይንም አያወጣም። ሊጥ አቡክታ በእጇ የምታውቀውን ቤተ ሙከራው በሰከንድ ለካው እንጂ አዲስ ነገር አልፈጠረም። እኔም እዚህ አገር ይህን ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ዱቄት ያቀርብልኝ የነበረ አንድ ነጋዴ በከረጢቱ ላይ ስለ ጤፍ የተጻፈውን እንድቀንስ መከረኝ፤ ክስ እንዳይመጣበት ይፈራ ነበር። ያን ቀን ከረጢቶቹን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ቆምኩ።

ፓተንቱ የወደቀው በኢትዮጵያ ክስ አይደለም። መብቱን የያዘው ኤንሸንት ግሬን የተባለው ኩባንያ ባክልስ የተባለውን የዳቦና የኬክ ግብዓት አምራች ፓተንቴን ጥሰሃል ብሎ ከሰሰ፤ ተከሳሹም ፓተንቱ ራሱ ዋጋ የለውም ብሎ ተከራከረ። የሄግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2018 የፈጠራ ብቃት የለውም ብሎ ሻረው። እኛ በየካቲት 2019 የኢትዮጵያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሲያስታውቅ ሰማንና ደስ አለን። ነገር ግን ፍርዱ ፓተንቱን የሻረው ለኔዘርላንድስ ብቻ ነበር፤ ጀርመንን ጨምሮ በሌሎች አገሮች የተመዘገበውን አልነካም። አሥራ አንድ ዓመት ከዘገየ በኋላ የመጣ፣ ያውም ሁለት ነጋዴዎች ሲጣሉ በአጋጣሚ የተገኘ ፍትሕ ነው።

በሕጉ ፊት የእናቴ ዕውቀት ዋጋ ነበረው። የ1973ቱ ስምምነት አንቀጽ 54 አንድን ነገር አዲስ ፈጠራ እንዳይባል የሚያደርግ የቀደመ ዕውቀት የሚለው በጽሑፍ የወጣውን ብቻ ሳይሆን በቃል የተነገረውንና በአጠቃቀም ለሕዝብ የተገለጠውንም ነው። ችግሩ መርማሪው የሚፈልገው በሰነድ ክምችት ውስጥ መሆኑ ነው። የቢሮው ትልቁ ቅርንጫፍ ያለው ራይስቫይክ ነው፤ ከሄግ መሐል በትራም ይደረሳል፤ እንጀራ የሚበላበት ከተማ ነው። ያም ሆኖ አዲስ ጤፍ ለምን እንደማይፈጭ በዚያ ቢሮ ፋይል ውስጥ የሚናገር አንድ ወረቀት አልነበረም።

ሕንዶች ሌላ መንገድ አሳይተዋል። የኒም ዛፍ ዘይትን ለፈንገስ መከላከያ የሚጠቀም ፓተንት ለአንድ የአሜሪካ ኩባንያና ለአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በተሰጠ ጊዜ፣ ሕንዳዊቷን የአካባቢ ተሟጋች ቫንዳና ሺቫን ጨምሮ ሦስት ወገኖች በ1995 በጊዜው መቃወሚያ አስገቡ፤ ቢሮው በ2000 ፓተንቱን ሻረ፤ ይግባኙም በመጋቢት 2005 ውድቅ ሆነ። ይህ መቃወሚያ ፓተንቱ በተሰጠ በዘጠኝ ወር ውስጥ ማንም ሰው ሊያቀርበው የሚችል ሲሆን፣ ሲሳካ ፓተንቱን በሁሉም አገሮች በአንድ ጊዜ ያስቀራል። ክፍያውም ከ1,000 ዩሮ ያነሰ ነው። የጤፉ ዘጠኝ ወር በጥቅምት 2007 አለፈ፤ ኢትዮጵያ መቃወሚያ አላቀረበችም።

ከዘጠኝ ወር በኋላ መንገዱ ይጠባል። በአዲሱ የጋራ ፍርድ ቤት ፓተንት ይሻርልኝ ብሎ ለመክሰስ፣ ፍርድ ቤቱ ሥራ ሲጀምር የተወሰነው ክፍያ 20,000 ዩሮ ነበር፤ የጠበቃው ዋጋ ከዚህ በላይ ነው። እንደ ጤፉ ያለ ፓተንት ዛሬ አሃዳዊ ሆኖ ቢሰጥ፣ አንድ እንጀራ ጋጋሪ በ18 አገሮች በአንድ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሥራው ሊቆምበት ይችላል። እርግጥ ነው፣ መሻሩም በአንድ ፍርድ በ18ቱ ይሆናል፤ ነገር ግን ያን ፍርድ ለማግኘት አቅም ያለው ማን ነው? ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ነገር ይታሰብ። ቢሮው የሚተዳደረው ከማመልከቻና ከማደሻ ክፍያ ነው፤ ወደ 200,000 የሚጠጋ ማመልከቻ በዓመት ይቀበላል። መርማሪዎቹ በቅን ልቦና እንደሚሠሩ አልጠራጠርም፤ ሆኖም የሚሰጥ ፓተንት ለዓመታት ገቢ የሚያመጣበት፣ የሚከለከል ፓተንት ግን ምንም የማያመጣበት አደረጃጀት የውጭ ተቆጣጣሪ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት ፓተንቱን ለሰጪና ለተቀባይ ሲያመቻች፣ ለሦስተኛ ወገንም ማመቻቸት አለበት። ከእህልና ከዕፅዋት ጋር በተያያዘ ማመልከቻ ላይ የምንጩን አገር መግለጽ ግዴታ መሆን ይገባዋል። የ1998ቱ የባዮቴክኖሎጂ መመሪያ ይህን በመግቢያው ላይ «ከታወቀ» ብሎ ከመምከር አላለፈም። በግንቦት 2024 ጄኔቫ ላይ የተፈረመው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ስምምነት መግለጹን ግዴታ ቢያደርገውም፣ አለመግለጽ ብቻውን ፓተንት እንዳያስሽር ይከለክላል። ለጋራው ፍርድ ቤት ደግሞ ለሕዝብ ጥቅም ለሚቆሙ ማኅበራትና ለታዳጊ አገሮች ተቋማት ክፍያው እንዲቀነስ እጠይቃለሁ። ሕግ አውጪው በትልልቅ ኩባንያዎች ፍላጎት ብቻ የማይነዳ መሆኑን ከዚህ ቀደም አይተናል፤ የአውሮፓ ፓርላማ ሐምሌ 6 ቀን 2005 የኮምፒዩተር ሶፍትዌር የፓተንት መመሪያን በ648 ድምፅ በ14 ውድቅ ሲያደርግ፣ የአነስተኛ ሶፍትዌር ሠሪዎችን አቤቱታ ሰምቶ ነበር።

የአዲስ አበባ ተቋማትም ሥራ አለባቸው። ሕንድ ባህላዊ ዕውቀቷን በቋንቋዎቿ ካሉ ጽሑፎች ሰብስባ በኮምፒዩተር አደራጅታ ከ2009 ጀምሮ ለአውሮፓ ፓተንት ቢሮ መርማሪዎች ከፍታለች። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንና የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ስለ ጤፍ፣ ስለ እንሰት፣ ስለ ኑግና ስለ ኮሶ ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ። ከዚያ በፊትም ማመልከቻ ከታተመ በኋላ ማንም ሰው በነፃ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በጀርመንኛ አስተያየቱን ለመርማሪው መላክ ስለሚችል፣ መዝገቡን በየወሩ የሚያይ አንድ ሠራተኛ ይመደብ። አውሮፓ ውስጥ ያለን ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ጋጋሪዎች ደግሞ የምናውቀውን ጽፈን፣ በምስክርነት ፈርመን እንስጣቸው። እኔ የእናቴን የጎተራ ልማድ በሁለት ገጽ ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ የሚቀበለኝ ቢሮ ሲገኝ እልከዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከኔዘርላንድስ