ስለ ፕሌትሌትና ስለ ልጆች ትኩሳት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ልጆቻችሁ ስለ ደም እያወሩ ራት አላስበላ ብለዋችሁ ከሆነ ጥፋቱ የእኛ ነው። ባለፈው ሳምንት የሕክምና ተመራማሪ የሆኑ አንዲት እናት ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ሥራቸው ሊያወሩ መጥተው ነበር። የሚያጠኑት ተላላፊ በሽታ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ፕሌትሌት የሚባለው የደም ቅንጣት ምን እንደሚያደርግ ነው። ለግማሽ ሰዓት የታሰበው ገለጻ የእረፍት ደወል ተደውሎም አላለቀም።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ባዮሎጂ ሳስተምር ለፕሌትሌት የምሰጠው አንድ መስመር ብቻ ነበር። «ደም እንዲረጋ ያደርጋል» ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፍና ወደ ቀይ የደም ሴል አልፋለሁ። መስመሩ ስህተት አይደለም። ጣሊያናዊው ጁሊዮ ቢዞዜሮ እ.ኤ.አ. በ1882 ያሳየው ይህንኑ ነው። ግን ጎዶሎ ነው።

ፕሌትሌት ሙሉ ሴል እንኳ አይደለም። መቅኔ ውስጥ ካለ ሜጋካርዮሳይት ከሚባል ግዙፍ ሴል የሚቆረስ ቁራሽ ነው። ኒውክለስ (የሴል አስኳል) የለውም፤ ዕድሜውም ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ብዛቱ ግን ያስደነግጣል። የመርፌ ራስ በምታክል አንድ ማይክሮሊትር የጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛል። አንድ ተማሪ ይህን ሲሰማ እጁን አወጣና «ታዲያ ካልቆሰልን ምን ሲሠሩ ይውላሉ?» አለ። ዶክተሯ ሳቁ። ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚሁ ጥያቄ ነው።

ዘብ ነው የሚቆሙት። ፕሌትሌት ላዩ ላይ ጀርም የሚለይ ፕሮቲን አለው። ባክቴሪያ ደም ውስጥ ሲገባ ፕሌትሌቱ ነጭ የደም ሴል ላይ ይለጠፍና ይቀሰቅሰዋል። የተቀሰቀሰው ሴል ከራሱ ዲኤንኤ የተሠራ መረብ ይዘረጋል፣ ባክቴሪያውም እዚያ ይያዛል። ወባ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ፕሌትሌት በተያዘው ቀይ የደም ሴል ላይ ተጣብቆ ውስጡ ያለውን ጥገኛ ሕዋስ ሊገድል እንደሚችል አሳይቷል።

ችግሩ ዘቡ አንዳንዴ ቤቱን ራሱ ያፈርሳል። ወባ አንጎል ላይ ሲወጣ ያው መጣበቅ ቀጫጭን የደም ሥሮችን በመድፈኑ ያግዛል። ኢንፌክሽን ሰውነትን ሲያጥለቀልቅም ፕሌትሌት በየቦታው ደም ሲያረጋ ቁጥሩ ይመናመናል። ያኔ በአንድ በኩል ደም ይረጋል፣ በሌላ በኩል ይፈስሳል። ሐኪም ትኩሳት ላለበት ልጅ ሲቢሲ (የደም ሴሎችንና ፕሌትሌትን የሚቆጥር ምርመራ) የሚያዝዘው አንዱ ለዚህ ነው። በደንጊ ትኩሳትም ቁጥሩ በጣም ሊወርድ ይችላል።

ይህን ሁሉ የምጽፍላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ሐኪም ካላዘዘ በቀር ትኩሳት ላለበት ልጅ አስፕሪን አትስጡ። አስፕሪን አንዴ የነካው ፕሌትሌት ኒውክለስ ስለሌለው ራሱን አይጠግንም፤ እስኪሞት ድረስ እንደተሽመደመደ ይቀራል። በዚያ ላይ ጉንፋን መሰል ኢንፍሉዌንዛ ወይም ጉድፍ (ቺክንፖክስ) የያዘው ልጅ አስፕሪን ከወሰደ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ቢሆንም፣ አንጎልና ጉበት የሚጎዳ ከባድ ሕመም ሊከተል ይችላል።

ትኩሳት ያለበት ልጅ ገላው ላይ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ካያችሁ የመስታወት ብርጭቆ ጫን አድርጉበት። ካልጠፋ ነገ እናያለን አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ውሰዱት። ድዱ ወይም አፍንጫው አልቆም ብሎ ከደማም እንዲሁ። የትምህርቱን ነገር እኛ እናካክሳለን።

የደም መርጋት ችግር ያለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካላችሁ በጽሑፍ አሳውቁን። የመጀመሪያ ዕርዳታ ክፍላችን ያለ እናንተ ፈቃድ ምንም ዓይነት መድኃኒት አይሰጥም።

ዶክተሯ ሐሙስ ከሰዓት ለወላጆች በድጋሚ ይመጣሉ። ጥያቄያችሁን በልጆቻችሁ እጅ ላኩልን። የተማሪዎቹ ሣጥን ከወዲሁ ሞልቷል። ከሁሉ የወደድኩት «ትንኝ ስትነክሰን ፕሌትሌት ለምን ቶሎ አይዘጋባትም?» የሚለውን ነው። ለካስ ምራቋ ውስጥ ፕሌትሌቶች የሚጠራሩበትን ኬሚካል የሚሰባብር ኢንዛይም አላት። እኔም ገና አሁን ነው የሰማሁት።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር