ካሊኒንግራድን እንደገና እየው

ወንድሜ ሆይ፣

እንደምን ከረምክ? ያው ታውቀኛለህ፤ ለመልስ ሰነፍ ነኝ። ይቅርታዬን በአጭሩ ተቀበልና ወደ ነገሩ ልግባ።

የላክልኝን የኮርስ ዕቅድ አሁን ገና አነበብኩት። ከሶቪየት መፍረስ በኋላ ስለ ክልሎች ልማት ማስተማርህ ደስ ይላል። ካሊኒንግራድን፣ ያንን ከቀሪው ሩሲያ ተነጥሎ በፖላንድና በሊትዌኒያ መካከል ያለውን የሩሲያ ክልል፣ «የተሳካ (ልዩ የኢኮኖሚ) ቀጠና» ብለህ ማስቀመጥህ ግን አስጨነቀኝ።

ሕጉን እየው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1996 የወጣው ሕግ ያለ ቀረጥ የገባን ዕቃ፣ እዚያው 30 በመቶ እሴት ከታከለበት፣ ያለ ቀረጥ ወደ ቀሪው ሩሲያ ያሳልፈው ነበር። ለኤሌክትሮኒክስ 15 በመቶ ይበቃ ነበር። ቴሌቪዥኑ 100 ቢያወጣ 85ቱ ከውጭ የመጣ ቢሆንም ያልፍ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ማን ሞኝ ነው አካላቱን እዚያው የሚያመርተው? ገጣጥሞ ይልካል እንጂ። ትርፉ ይገኝ የነበረው ከቀረጡ ልዩነት ነው፤ ከሠራተኛው ችሎታ አይደለም።

በሚያዝያ 2006 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሕግ ይህን ለማረም ሞከረ፦ በሦስት ዓመት 150 ሚሊዮን ሩብል የሚያፈስ ኩባንያ ለስድስት ዓመት ከትርፍ ግብር ነፃ፣ ለቀጣዩ ስድስት ዓመት ደግሞ በግማሽ። ጥሩ ነበር። ነባሮቹ ግን የቀረጥ ነፃነቱን ለአሥር ዓመት ይዘው ቆዩ። ብዙዎቹ ጊዜውን በመጠበቅ አሳለፉት መሰለኝ፤ 2016 ሲደርስ መንግሥት የቀረጥ ነፃነቱን በድጎማ ተካው። ያው ነገር፣ ስሙ ተለውጦ!

በዚህ መሀል የቴሌቪዥን ሠሪዎቹ ወደ ሞስኮ ገበያ ተጠጉ፦ ኤልጂ ወደ ሩዛ፣ ሳምሰንግ ወደ ካሉጋ ክልል፤ ሁለቱም ከሞስኮ ብዙ አይርቁም። ካሉጋን ነው ማስተማር ያለብህ (አትቆጣኝ)። እዚያ የክልሉ ልማት ኮርፖሬሽን አስቀድሞ ተበድሮ መሬቱን፣ መብራቱን፣ ጋዙን፣ ውኃውንና መንገዱን አዘጋጀ። ቮልስዋገን በ2007 መገጣጠም ጀመረ። ጉድለቱንም አትደብቅባቸው፦ ብድሩ ቀድሞ ይከፈላል፤ ግብሩ ግን ማበረታቻው እስኪያልቅ ይዘገያል። ኢንዱስትሪውም በጥቂት የውጭ መኪና ሠሪዎች ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲመጣ ፋብሪካዎቹ ቆሙ።

በሠንጠረዥህ ላይ «የተቀጠሩ ሰዎች» ከሚለው ዓምድ አጠገብ «ከቀረጡ የታጣ ገቢ» የሚል ዓምድ ጨምር። ሁለቱን ስታካፍል እያንዳንዱ ሥራ ስንት እንደፈጀ ታገኛለህ። ካሳተምከው ዘግይቻለሁ፤ ካላሳተምከው ግን ረቂቁን ላክልኝ፣ በዚህ ሳምንት አየዋለሁ። አልታመንም፣ አውቃለሁ።

የእማማን ጉልበት ሳምልኝ።

ወንድምህ