ምግብ እምቢ ላሉ የባሕር ዓሦች

ውድ አባላት፣ ወደ ገንዳችሁ አዲስ የገባ ዓሣ ደረቅ ምግብ እምቢ ካለ መጠኑን አትጨምሩ፤ ያልተበላው በስብሶ አሞኒያ ይሆናል፣ ከረሃቡ ቀድሞም ሊገድለው ይችላል።

አፉ ትንሽ ከሆነ የአርቴሚያ (በጨዋማ ውኃ የሚኖር ጥቃቅን ሽሪምፕ መሰል እንስሳ) እንቁላል ፈልፍሉለት፦ ለ1 ሊትር ውኃ 25 ግራም ጨው፣ ከሥር አየር የሚነፋ ቱቦ፣ መብራት፣ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት። በ24 ሰዓት ገደማ ይፈለፈላል፤ የሱሉልታና የለገጣፎ ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን ያለ ማሞቂያ ይዘገያል። ቅርፊቱን ለዩ፣ በደቃቅ ወንፊት አጥባችሁ ያንኑ ዕለት ስጡ። ካደረ አስኳሉን ስለሚጨርስ ለዓሣው እምብዛም አይጠቅምም።

መብላት ሲጀምር ከበረዶ የቀለጠ ሚሲስ (ትንንሽ ሽሪምፕ መሰል እንስሳ) ጥቂት በጥቂት ቀላቅሉበት። መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ውስጥ የቀለጠውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ፣ ጣሉት። መብራት በሌለበት ሰዓትም አትመግቡ፤ ፓምፑ ቆሞ ኦክስጅን እየቀነሰ ነውና በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ማንዳሪን ዓሣን ለአዲስ ገንዳ እባካችሁ አትግዙ። ቀኑን ሙሉ ከድንጋይ ላይ ጥቃቅን ነፍሳት እየለቀመ የሚኖር ነው፤ ነፍሳቱ በገንዳው ውስጥ ሳይበዙ ከገባ ከስቶ ይሞታል።