ድሬዎች፣ ለላይብረሪያችን ጣሪያ እንደገና መጣንባችሁ

ሰላም የሰፈር ልጆች፣ ከዚራም መጋላም ሳቢያንም ያላችሁ፣ ጅቡቲ የተሻገራችሁም። እነዚህ ደግሞ መጡ እንደምትሉ እናውቃለን፣ እኛም መለመን ደክሞናል ወላሂ፣ ግን በሚያዝያው ዝናብና ንፋስ የላይብረሪያችን ጣሪያ በአንድ በኩል ወረደ፣ እንጨቱን ምስጥ ጨርሶት ኖሯል። ማታ ስለነበር ሰው አልተጎዳም ተመስገን። መጽሐፎቹን ያን ሌሊት በሸራ ጠቅልለን ጎረቤት ሳሎን አስገባን፣ ይኸው እማማም እስካሁን እንግዳ የሚያስቀምጡበት አጥተዋል።

አንዳንዶች ደግሞ የመጽሐፉን ብር ለቲክቶክ አዋሉት ብላችኋል፣ ሰምተናል። የተገዛው ሁለት ያገለገለ ስልክ፣ አንድ ትራይፖድና አንድ ማይክ ነው፣ ደረሰኙን መጥቶ ማየት ይቻላል (ለስልኮቹ ደረሰኝ የለም፣ ሻጩ ፈርሞ ነው ያስረከበን)። ልጆቹ የሚሰሩት የመጽሐፍ ትሬለር ነው፣ ልክ እንደ ፊልም ማስታወቂያ፣ ያነበቡትን በአንድ ደቂቃ ተኩል አጓጉተው መጨረሻውን ሳይናገሩ ያቆማሉ። ያላነበበ ይሄን አይችልም አቦ፣ የቱን ላሳይ የቱን ልደብቅ ብሎ መምረጥ አለበት። አንዱ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሁፍ ብቻ አይቶ መጣ፣ ጓደኞቹ ሁለት ጥያቄ ጠይቀው መለሱት። ድምጽ ሲቀዳ ቬንትሌተሩ ስለሚጮህ ይጠፋል፣ በድሬ ሙቀት አስቡት፣ ላባቸው እየተንጠፈጠፈ አንዴ እንደገና ይላሉ። የሰው ዘፈንም አይወስዱም፣ አንዷ ጠረጴዛ እየመታች ነው ከበሮውን የሰራችው። እና አንድ ኮፒ ብቻ ያለውን መጽሐፍ ትሬለሩን ያዩ 9 ልጆች ወረፋ ያዙለት፣ እኛ ስንት አመት አንብቡ ብለን ያልሆነልንን።

አሁን ከ120 ሺህ ብር 41 ሺህ ገብቷል፣ ከዚያ ሶስት ሳምንት ዝም። ሐምሌ ሳይገባ ቆርቆሮው ካልተመታ ግድግዳውም ይሄዳል። ይሄ ሰፈር በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ብርድ ልብስ የተካፈለ ሰፈር ነው፣ ሰደቃም በሉት ምጽዋት፣ ኢቅራ፣ አንብብ፣ የተባለውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ብሩ የሚገባው ንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም ባለው አካውንት ብቻ ነው፣ ሶስት ሰው ካልፈረመ አይወጣም። ቁጥሩ የግቢው በር ላይ ተለጥፏል። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚሁ አካውንት። በግል ስልኬ ላኩልኝ የሚላችሁ ካለ እኛ አይደለንም። ስክሪንሾት አስቀምጡ፣ ስማችሁ የሰጪዎች ዝርዝር ላይ ካልወጣ እሱን ይዛችሁ ኑ። ቆርቆሮ በአይነት የምታመጡም አምጡ፣ ያልተበሳ ይሁን ብቻ። ደግሜ ልበል፣ ንግድ ባንክ፣ በኮሚቴው ስም፣ በሩ ላይ ያለው ቁጥር።